ማርማላታው የረጋ ዕለት

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ጤናሽስ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? ቅባቱን እየተቀባሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት ሰጠሽው? አባዬስ እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ወፍሬያለሁ፤ ይዤው የመጣሁት ቀሚስ አልቆለፍ ብሎኛል።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሽኝ፤ "የሙከራው ሦስት ወር ሲያልቅ እዚያው ትቀሪያለሽ ወይስ ትመጫለሽ?" አልሽ። እነግርሻለሁ። ግን መጀመሪያ የሆነውን ሁሉ ስሚኝ። ሚጣ፣ አንቺ ነሽ የምታነቢላት፤ ዘለሽ ወደ ታች እንዳታዪ፣ አውቅሻለሁ።

መቼም አንዴ ከጀመርኩ ልናዘዝ። አብሳይ ሆንኩ ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነበር። እዚህ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ውስጥ የተቀጠርኩት ፍራፍሬ ለማጠብና ለመላጥ ነው። ጎረቤት ፊት አፍሽን ሞልተሽ እንድታወሪ ብዬ ነው የዋሸሁት፤ ይቅር በይኝ። ደግሞ ፍራፍሬ መላጥ ቀላል አይምሰልሽ። እዚህ ዶሮው ከብርቱካን ጋር ይጠበሳል፣ ዓሣው ላይ ሎሚ በስሱ ተቆርጦ ይነጠፋል፣ እኛ ለበግ የምንሰጠው የሐብሐብ ነጩ ቅርፊት እንኳን በስኳር ተቀቅሎ ለእንግዳ ይቀርባል። አንቺ ብታዪ "እነዚህ ሰዎች ሽንኩርት አልቆባቸው ነው?" ማለትሽ አይቀርም።

አለቃችን ዋናዋ አብሳይ ናት። ሠራተኛው ሁሉ ከኋላዋ "ሻምበል" ይላታል፤ አንዲት ማንኪያ ከቦታዋ ከጠፋች ሁላችንንም አሰልፋ ነው የምትጠይቀው። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካኑ ተከትፎ በትልቅ ድስት ተዘፍዝፏል። አጠገቡ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ ውስጡ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ፣ ከብርቱካኑ ሆድ የተለቀመ ፍሬና ነጭ ልጣጭ፣ ውሃው ደግሞ ዝልግልግ ያለ። ረስተውት ያደረ ቆሻሻ መሰለኝ። አንዲት የሎሚ ፍሬ ብርጭቆ ውስጥ ከተገኘች እጃችንን በማንኪያ የምትመቺን የአንቺ ልጅ አይደለሁ? ፍሬውን ደፋሁት፣ ጨርቁን በሳሙና አሽቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር፣ ጉድ እኮ ነው!

ሻምበል መጥታ ማርማላታውን ጣደች። ፈላ፣ ፈላ፣ አሁንም ፈላ። እንደ ሾርባ ቀጥኖ ቀረ። ጨርቁን ብትፈልግ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። "ማነው ፍሬውን የደፋው?" ብላ ስትጮህ ድስቱ ራሱ የደነገጠ መሰለኝ። ቆሻሻ የሚያወጣው ዕቃ አጣቢው ሽማግሌ ነውና በእሱ ላይ ወረደችበት። እሱም እጁ ሳሙና እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

እውነቱን ልንገርሽ እማዬ፤ ዝም ልል ነበር። አራት ቀን ብቻ ቀርቶኝ ሥራዬን በገዛ አፌ ላጣ ነው? ሁለት ብርቱካን እስክልጥ ድረስ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ግን አላስቻለኝም፤ የሽማግሌው አቋቋም አንጀቴን በላው። "እኔ ነኝ" አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ነው የመሰለኝ። ማርማላታውን የሚያረጋው ፍሬውና ነጩ ልጣጭ እንደሆነ ነገረችኝና ማን ጣይው እንዳለኝ ጠየቀችኝ። "እናቴ" አልኳት። አፍጥጣ አየችኝና እናቴ ማርማላታ ሠርታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። "ኧረ በጭራሽ!" አልኩ። ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጥፋቴን እንዳቃናው ወይም ሽርጤን ፈትቼ እንድሄድ ነገረችኝ።

ከመንገዱ ማዶ ጭማቂ ቤት አለ። እዚያ በየቀኑ ስንት ሎሚ እንደሚጨመቅ በመስኮት አይ ስለነበር ሮጥኩ። የጨማቂው የቆሻሻ ባልዲ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ የሎሚውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ጭማቂ ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው "ቆሻሻ ለቃሚ ሆንሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። አምጥቼ አጠብኩ፣ በዚያው በታጠበ ጨርቅ ቋጥሬ በትንሽ ውሃ ቀቀልኩ፣ ጨምቄ ያወጣሁትን ዝልግልግ ነገር ድስቱ ላይ ጨመርኩ። ከዚያ ቆሜ ማማሰል ነው፤ ክንዴ እስኪዝል። ሻምበል ከማቀዝቀዣ ሳህን አውጥታ አንድ ጠብታ ጣል አደረገችበት፣ ትንሽ ጠበቀችና በጣቷ ገፋ አደረገቻት። ጠብታዋ እንደ አሮጊት ጉንጭ ጭምድድ አለች። ረጋ! ሻምበል ማማሰያውን ለእኔ ትታ ሄደች።

ዕቃ አጣቢው ሽማግሌ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቀው ቢላዬን ስሎ ያስቀምጥልኛል። ስለዚያ ጠዋት ግን ተነጋግረን አናውቅም።

ዓርብ ዕለት ሻምበል ጠራችኝና የማርማላታው ድስት የእኔ እንደሚሆን፣ የምፈርመውም ለሁለት ዓመት እንደሆነ ነገረችኝ። እማዬ፣ እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ደስ አለኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው፤ አንቺ የመጣሽብኝ ቀጥሎ ነው፣ በዚያም አፈርኩ። ቢሆንም ፈረምኩ። ስለዚህ አሁን አልመጣም። የጠላሽኝ ቀን ንገሪኝ እንጂ ዝም አትበይኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለጋሼና ለሚስቱ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ልጁ ጥርስ አወጣ ወይ በያቸው። ሚጣን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ፣ ይህን ስታነብ ራሷን ትቆንጥጥ። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንንም ሰላም በያት፤ አብሳይ ያልሽው አሁን እውነት ሆኗል።

ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትመጣው አብራኝ የምትኖረው ፀጉር ሠሪ ናት። አንድ ጠርሙስ ማርማላታም ሰጥቻታለሁ፣ እኔ የሠራሁት ነው። ልጄ ስትመጣ አብረን እንበላዋለን ብለሽ ልታስቀምጪው እንደምታስቢ አውቃለሁ። አታስቀምጪው እማዬ። ዛሬውኑ ክፈቺውና ብዪው።

ልጅሽ

ባለ አንድ መስኮቷ ክፍላችን፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን