እማዬ ያንቺን ቫይታሚን አልጥልም አለች

ውድ እህቴ ሰብሊ፣

ስልክ ላይ ልነግርሽ አልቻልኩም። በተከራየነው አንድ ክፍል ሹክሹክታ እንኳ ይሰማል፤ እማዬ ደግሞ ካጠገቤ አትጠፋም። መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

«ጾሙ አድክሟት ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። እማዬን ያመማት ከስዊድን የላክሽው ቫይታሚን ነው። አትደንግጪ፣ ጥፋቱ ከኔም አያልፍም።

በሰው እጅ የላክሻቸው ሦስት ብልቃጦች ደረሱን፤ አንዱ ለአጥንት፣ አንዱ ለጉልበት፣ አንዱ ለደም ተባለ። እማዬ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም። ከቅዳሴ ስትመለስ ታዲያ የጧቱንም የማታውንም፣ ትናንት የዘለለችውንም ጨምራ አንድ ላይ ትውጣለች። «የቀረው ይካካሳል» ትላለች። ውሃውን የማቀብላት እኔ ነኝ። ብልቃጦቹን ታቅፋ ስትስቅ ፎቶ አንስቼ የላኩልሽም እኔ። አንድ ቀን እንኳ ጽሑፉን አላነበብኩም።

ማስመለስ ሲጀምራትና ነገር ሲጠፋባት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዶክተር አርአያ ምርመራውን አይቶ ብልቃጦቹን አገላበጠ።

«ሦስቱም ቫይታሚን ዲ አለባቸው። ሲደራረብ ደማቸው ውስጥ ካልሲየም በዝቷል፤ እንዲህ ከቀጠሉ ኩላሊታቸው ይጎዳል። ጎመኑንና ካሮቱን ይብሉ፣ ኪኒኑ ግን ዛሬውኑ ይቁም» አለኝ።

እማዬ አላቆመችም። «ልጄ ከአፏ ነጥቃ የላከችውን ልጥል? ጎመንማ መች ጠፋ» አለች። ብደብቅባት አኮረፈችኝ። «በእህትሽ ቀናሽ አይደል?» አለችኝ፣ ሰብሊ። ለኔ።

ዝም ብላት ኩላሊቷ ነው፤ ብቀማት ምቀኛ ነኝ፤ ለአንቺ ብነግርሽ «አብረሻት እየኖርሽ የት ነበርሽ?» ልትይኝ ነው። ካዛንቺስ ሰፈራችን ሳይፈርስ ቢሆን እነ እትዬ ለተሚካኤል መጥተው ይገስጹልኝ ነበር። አሁን ሁሉም ተበትኗል። ኦሎምፒያ ጀርባ እኔና እሷ ተፋጠን እንውላለን።

አንቺ ደውይላት። «እማዬ ተዪው፣ ሐኪም ከልክሏል፣ ከእንግዲህም አልልክም» በያት። ያንቺን ቃል ትሰማለች። ስድስት ዓመት ደግፌ ያስነሳኋትን የኔን አትሰማም፣ የሌለሽውን ያንቺን ግን ትሰማለች። ይህን የምልሽ ከፍቶኝ አይደለም።

አይ፣ ከፍቶኛል። ግን ዛሬ ደውይላት። የኔ ኩርፊያ ይደርሳል።

እህትሽ አምሳለ