የማይከፈቱት የሐይቁ ፎቶዎች

ውድ ቁድራት፣

ከቢሮህ የጻፍከው ወረቀት ከመለስከው ዲስክ ጋር ደርሶናል። «የተላከው ዲስክ ስም እንጂ ፎቶ የለውም፤ ማስረጃ ስለሌለ በሐይቁ ጎርፍ ስጋት መንደሩን ወደ ሌላ ቦታ የማንሳቱ ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል፤ ከሥሩ ያንተ ፊርማ። ተናድጃለሁ፣ አልደብቅህም። ስልክ ቁጥሬ እጅህ ላይ እያለ አንዴ ደውለህ «ጉልሻን፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው?» ብትለኝ ምን ነበረበት?

ከበረዶው ግግር ሥር ያለው ሐይቅ ዳር ካሜራውን የተከልነው እኔና አንተ ነን። ያኔ ልንጋባ ነበር። እያንዳንዱ ፎቶ በተነሳበት ሰዓት ይሰየም፣ በሰዓቱና በደቂቃው መካከልም ሁለት ነጥብ ይግባ ያልከው አንተ ነህ። «ሰዓት እንደ ሰዓት ይጻፍ» ብለህ ድርቅ አልክብኝ። አሮጌው ማሽናችን፣ ያ ቤት ያለው ኮምፒውተር፣ በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ስለሚሠራ ስሞቹን ያለ ችግር ተቀበለ። አንተ ግን ጊልጊት ከተማ ወርደህ ዊንዶውስ ፊት ተቀመጥክና ረሳኸው።

ዲስኩን ወስጄ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ስሞቹ ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዱን ስከፍት «ፋይሉ አልተገኘም» አለኝ። ክው አልኩ። ቤት ተመልሼ ከአንዱ ስም ላይ ሁለት ነጥቧን አወጣሁና ሰረዝ አስገባሁበት። እንደገና ስወስደው ተከፈተ። ለካ ዊንዶውስ ያቺን ምልክት በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ ፎቶው ግን ድሮም እዚያው ነበር። የሌሎቹንም ስም እንዲሁ ቀየርኩ፤ ሰዓታቸውን አልነካሁም።

ለእናትህም አሳየኋቸው። «ውሃው እዚህ ከደረሰ ሐይቁ ይጥሳል» ብለህ ቀይ ቀለም የቀባኸውን ቋጥኝ ውሃው ውጦታል። እማማ መህርኒጋር ትክ ብለው አዩና «ልጄን መሐንዲስ ያደረግኩት ለዚህ አይደል? አደጋ ቢኖር እሱ አይነግረኝም?» አሉኝ።

«እሱ አላየውማ፣ እማማ።»

«አንቺ ደግሞ፣ እሱ ቢቀርብሽ ማሽን አገባሽ» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ጎረቤቱ ሁሉ ከብቱን እየነዳ ወደ ላይኛው ሜዳ ወጥቷል። እሳቸው ብቻ ከወንዙ ዳር ንቅንቅ አላሉም።

ነገ ማሽኑንም ዲስኩንም ይዤ በጂፕ እመጣለሁ። አለቆችህ ፊት ራሴ እከፍተዋለሁ። በር ላይ ቢያስቆሙኝ እዚያው ቁጭ እላለሁ እንጂ አልመለስም። ስለ እኔና ስለ አንተ ላወራ አይደለም የምመጣው። ያ አልፏል፤ ቢያመኝም አልፏል።

ይህን ደብዳቤ ግን ዛሬ ከሚወርደው ሹፌር ጋር የላክሁት ነገ እንዳይዘገይብኝ ሰግቼ ነው። አብሮት ያለው ፍላሽ ይከፈትልሃል። ፎቶውን እይና የቢሮውን ውሳኔ ሳትጠብቅ ለእናትህ ደውል። «እማዬ፣ ዛሬውኑ ውጪ» በላቸው። እኔን አይሰሙኝም፤ ያንተን ድምፅ ነው የሚጠብቁት። ስልካቸውን ቻርጅ አድርጌ ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጬላቸዋለሁ።

ጉልሻን