የደረጃ አንድ ቅናት

ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሻል? ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ መድቦሻል ሲሉ ሰምቻለሁና ጤናሽን ጠብቂ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቅናት በቀር የሚያመኝ የለም።

አምና ለጥምቀት አገራችን አንኮበር፣ ጎረቤላ በመጣሽ ጊዜ የቤታችን ሶኬት ሲንጣጣ አባዬ አንቺን አስጠራ። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተሽ፣ የላላውን ሽቦ አጥብቀሽ፣ «በቃ አባባ፣ አሁን አይፍሩት» ብለሽ ተነሣሽ። አባዬ ግንባርሽን ሳመና «ምነው የኔ ልጅ በሆንሽ!» አለ። እኔ አጠገብሽ ባትሪ ይዤ እያበራሁልሽ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የወደቅነው ሁለታችንም ነን። አንቺ ኮሌጅ ስትገቢ «ሰርተፊኬት የወደቀ ልጅ ማባበያ ነው» ያለኝ ይኸው አባዬ ነው። አመንኩት። አንዴ ሰርተፊኬት የያዘ ዲግሪ አያይም ብዬ በግል እየተመዘገብኩ ተፈተንኩ፤ እየተፈተንኩም ወደቅሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደግሞ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ጓደኛሽማ ደሞዝተኛ ሆነች፤ አንቺ አሁንም ጥናት ላይ ነሽ?» ይሉኛል።

ይህን ከጎረቤላ የምጽፍልሽ እንዳይመስልሽ። ከጥቅምት ጀምሮ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። በተማርሽበት ኮሌጅ፣ አንቺ የተማርሽውን የኤሌክትሪክ ሙያ፣ ደረጃ አንድ። አባዬ የአክስቴን ሱቅ ልጠብቅ የሄድኩ ይመስለዋል።

መምህር ሰይፈሥላሴ በመጀመሪያው ቀን ነገሩን አፍታተው አስረዱን። ደረጃ አንድ መግቢያ ነው፤ የብቃት ምዘናውን ያለፈ ሥራ መጀመር ይችላል፣ የፈለገም ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይቀጥላል፤ የዲግሪውም መንገድ አይዘጋም። ስሰማ ያ ሁሉ ጊዜዬ አንገበገበኝ። በማግስቱ ሽቦ ሳገናኝ እጄን አይተው «አንዲት የአንኮበር ልጅ ነበረችን፤ እሷ እንዲህ አታዝረከርክም ነበር» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። «ያገርሽ ልጅ ናት፣ ታውቂያታለሽ?» ሲሉኝ «አላውቃትም» አልኩ።

ምዘናው ሰኔ ላይ ነው። እስከዚያ ቤትሽ አልመጣም። ቱታ ለብሼ መንገድ ላይ ብታገኚኝ አትጥሪኝ፤ እንዳላየሽ ሆነሽ እለፊ። ካለፍኩ በርሽን የማንኳኳው እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜ ወደ መምህራችን አብረን ሄደን አብሮ አደጎች መሆናችንን እንነግራቸዋለን።

የአንኮበር መድኃኔ ዓለም ሁለቱን እጆችሽን ከአደጋ ይጠብቅልኝ። ይህን የምለው ቅናቴ ሳይበርድ ነው።

አብሮ አደግሽ