እጅ የሌለበት ፎቶ

ኅዳር 3

ዛሬ ሲሎው ጋ ዋልን። ከሰፈራችን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያለው የእህል ማከማቻ። አቧራ፣ ነፋስ፣ የተለመደ ቀን። አማቼ፣ የእህቴ ባል፣ ላይ ነው፤ እኔ ታች። እሱ በገመድ ተንጠልጥሎ ግድግዳውን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ስንጥቅ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ መዳፉን አጠገቡ ይለጥፋል። እኔ ከታች በዙም ስቤ መዳፉንና ስንጥቁን አንድ ላይ አነሳለሁ። ቢሮ ያሉት የስንጥቁን ስፋት የሚገምቱት በእሱ ጣት ነው። ድሮ ማስመሪያ ይዘህ ውጣ ቢባል አሻፈረኝ አለ፣ "እጄ አለ አይደል?" ብሎ። ይኸው በእጁ ስንሠራ ዓመታት አለፉ።

ከምሳ በፊት ካሜራው ጉድ ሠራኝ። ሌንሱ ወጣ፣ ሲጢጥ አለ፣ እዚያው ቀረ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ እፍ አልኩበት፣ ሰደብኩት። ወይ ፍንክች።

"አነሳኸው?" ይላል አማቼ ከላይ።

"ቆይ!"

"እጄ ደነዘዘ እኮ!"

"ቆይ አልኩህ!"

ሥራ ቦታ ሁሉም "ድመቱ" ነው የሚለው። እጄ ደነዘዘ ሲል ሰምቼው አላውቅም... ወይስ ሲል ኖሮ እኔ ነኝ ያልሰማሁት? ሊወርድ ሲል እንደ ልማዱ ወደ ቤቱ ዞሮ አንድ እጁን አወዛወዘ። ከዚያ ላይ የግቢው ሰማያዊ በር ይታየዋል። እህቴ ልብስ እያሰጣች ከሆነ እሷም ታወዛውዝለታለች። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ድሮ ያስቀኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

ኅዳር 5

ጠጋኙ ካሜራውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አደረገው። አሸዋ ረገፈ።

"ይሄ ካሜራ ነው ወይስ የሲሚንቶ ማቡኪያ?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የሌንሱ ሞተር ተቃጥሏል፣ መለዋወጫውም አይገኝም አለ። "ሌንሱ የሚነቀል ግዛ፣ እንደፈለግህ እየቀያየርክ ትሠራለህ።" በዚያ ነፋስ መሀል ሌንስ ስነቅል ታየኝ። አፈር ማብላት ነው። ለእኛ የሚሆነው ሁሉን በአንድ የያዘው ዓይነት ነው፣ የቅርቡንም የሩቁንም በዚያው በማይነቀል ሌንሱ የሚያነሳው። እንደ ሟቹ ማለት ነው።

ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ፣ "አንተው መርጠህ አምጣ፤ እስከዚያ በስልክ ተወጡት" አለ። በስልክ ከታች ምንም አይታይም። ስለዚህ ስልኩን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣው አማቼ ነው።

ኅዳር 8

የውሃ ማማው። አማቼ በስልክ ያነሳቸውን ፎቶዎች መኪና ውስጥ ሆኜ አየሁ። ሁሉም የተንቀጠቀጠ። አንድ ደህና የለም።

"ምንድነው ይሄ?"

"ነፋስ ነዋ።"

ነፋስ? ዛሬ? የጣልኩት የማስቲካ ወረቀት እንኳ ከወደቀበት ንቅንቅ አላለም።  እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። 

ኅዳር 9

እሑድ። ከቤት አልወጣሁም። የድሮዎቹን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ዋልኩ።

መዳፉ... በመጀመሪያዎቹ ላይ ዘና ብሎ ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ ተበታትነዋል፣ ቀለበቱ ያብረቀርቃል። አንዳንዴም አውራ ጣቱን ቀስሮ ያሾፍብኛል። ከክረምቱ ወዲህ ያሉት ሌላ ናቸው። ጣቶቹ ታጥፈዋል። ጥፍሮቹ ነጥተዋል። እጁ ስንጥቁን እያሳየ አይደለም... ግድግዳውን ሙጥኝ ብሎ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያየሁት ግን ስንጥቁን ብቻ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 10

ጠየቅኩት። ገመድ እየጠቀለለ ነበር። መጀመሪያ ቀለደ፣ "አርጅቼ ነዋ፣ አታይም ሽበቴን?" አለ። አልሳቅኩለትም። ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"እግሬ መሬት ሲለቅ ሆዴ ይገለበጣል። በፊት እንዲህ አልነበርኩም። ክረምት ላይ አንዴ መንጠቆው ከዳኝ። አልወደቅኩም፣ ትንሽ ሸርተት ነው ያልኩት፣ ገመዱ ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ግን..."

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬህስ? ድመቱ ፈራ ተብሎ እንዲወራ?"

እየባነነ ነው የሚያድረው። እህቴ ስትጠይቀው ወገቤን አሞኝ ነው ይላታል። እሷ እንደሆነ በሱ መውጣት የምትኮራውን ኩራት... ለጎረቤት ሁሉ ሲሎውን እያሳየች "ያ የኔ ነው" የምትል ሴት ናት።

"እንዳትነግራት። በሞቴ።"

"እሺ።"

"አንተ ብቻ ጥሩ ካሜራ ምረጥ። ከሩቅ የሚያይ። እኔ ግማሹ ድረስ ወጥቼ የቀረውን አንተ ከታች ትጨርሰዋለህ። ማን ያውቅብናል?"

እኔም ደስ አለኝ። እውነትም መላ ያገኘን መሰለኝ።

ኅዳር 13

ካሜራ ቤት። ባለሱቁ ሁለት አወጣልኝ። ትንሹ ኪስ ይገባል፣ ሠላሳ እጥፍ ያቀርባል፣ ሲመሽ እንኳ ጥርት ያለ ፎቶ ይሰጣል። ትልቁ ስልሳ እጥፍ። ከበድ ይላል፤ ብርሃን ሲያንስ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ግን እጅ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ራሱ ያረጋጋዋል አለኝ። እጅ ቢንቀጠቀጥ... ያችን ቃል ባያነሳብኝ ይሻል ነበር።

"በዚህ እኮ ጨረቃን እንደ ጎረቤት ነው የምታያት!"

"ጨረቃ ላይ ስንጥቅ ፈልግ ያለኝ የለም።"

ሰውዬው ግራ ገባው። ሲያሳዝን። ሰው ሊገዛ መጥቶ እንዲህ ሲነጫነጭ አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

በሩ ላይ ቆሜ ሁለቱንም ሞከርኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ራቅ ብሎ፣ ፎቅ ጣሪያ ላይ አንቴና አለ። በትንሹ አንቴናው ታየኝ። በትልቁ የታሰረበት ሽቦ፣ የሽቦው ዝገት፣ ላልቶ የወጣ ብሎን ሁሉ ታየኝ። ማንም ሳይወጣ። አማቼ ታወሰኝና ልቤ ዘለለ። "ይሄን አስቀምጥልኝ" አልኩት።

ኅዳር 17

ምን አፍ ነው የሰጠኝ?

ኃላፊው ፊት ቆሜ ስለ ትልቁ ካሜራ ሳስረዳ፣ "ትንሹ ለምን አይበቃም?" አለኝ። "በዚህኛው ከመሬት ሆነን ሁሉንም እናያለን፤ ሰው መውጣትም አያስፈልገውም" አልኩ። በአንድ ትንፋሽ። ኩራትም ነበረበት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"አያስፈልገውም?"

"ማለቴ... አንዳንዴ..."

"እንግዲያው ድመቱ ምን ይሠራል?"

ታች አብረን እንሥራ አልኩት። "ፎቶ ለማንሳት ሁለት ሰው?" ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው ቢሆን ምን አለበት፣ እሱን ረግሜ እገላገል ነበር። ክፉ አይደለም። "ሥራውን የምታውቀው አንተ ነህ" አለኝ። "ትልቁ ከተገዛ ገመዱ ይቀራል። ትንሹ ከተገዛ እንደ ድሯችን። እስከ ሐሙስ ወስን።"

እኔ ልወስን። ካሜራ ምረጥ ተብዬ የሰው ቤት ምረጥ ሆነብኝ።

ኅዳር 18

ለአማቼ ነገርኩት። 

"ትንሹን ግዛ።"

"አንተ ነህ እኮ ከሩቅ የሚያይ ያልከኝ!"

"አሁን ደግሞ ትንሹን ግዛ እያልኩህ ነው። ልጆች አሉኝ። ከዚህ ሌላ ምን ሥራ እችላለሁ? እለምደዋለሁ።"

"ከክረምት ጀምሮ አልለመድከውም።"

"ወንድሜ አይደለህም? ትንሹን ግዛ አልኩህ።"

ትንሹን ከገዛሁ ይወጣል፣ እየተንቀጠቀጠ። አንድ ቀን እጁ ይከዳዋል፣ እኔም ከታች በዙም ስቤ አየዋለሁ። ትልቁን ከገዛሁ እንጀራው ይቆረጣል፣ በእኔ እጅ። እህቴን እንዳላማክር ቃል ገብቻለሁ። ሌላ ማን አለኝ?

ኅዳር 19

ከሥራ መልስ እህቴ ቤት ገባሁ። ለምን እንደገባሁ እንጃ። ራት አቀረበች።

"ካሜራውን ገዛህ?"

"ገና ነው፣ እቴቴ።"

"ግዛ እንጂ! ሰውዬዬ ሥራ ሲቀዘቅዝበት ወገቡን ያመዋል።"

እሱ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ትንሿ ልጅ ጉልበቴ ላይ ወጥታ፣ "አባዬ እኮ ደመና ነክቶ ያውቃል" አለችኝ። "ምን ምን ይላል?" አልኳት። "ይቀዘቅዛል" አለች። ከጉልበቴ አወረድኳት። ቶሎ ወጣሁ።

ኅዳር 20

ትልቁን ገዛሁ። ባለሱቁ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

ኅዳር 29

አማቼ ዛሬ ዕቃውን አስረከበ። ገመዱን፣ ቀበቶውን፣ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የከዳው መንጠቆ የትኛው እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። መዶሻውን ብቻ ለእኔ ሰጠኝ። የራሱ ነው፣ የቢሮ አይደለም።

"ምን ላድርገው?"

"እኔስ ምን ላድርገው?"

"ተቀይመኸኛል?"

"አዎ።"

በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ሳያየኝ፣ "ትናንት ሳልባንን አደርኩ" አለ። ወጣ።

ሲመሻሽ እህቴ ደወለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ምርጫው ያንተ ነበር አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እሱ ትንሹን ግዛ ብሎ ለምኖህ?"

"አዎ።"

"እያወቅክ?"

"እያወቅኩ።"

"የምትለኝ ነገር የለም?"

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በሞቴ ብሎኛል... "የለም" አልኩ።

"እንግዲያው ደጄን እንዳትረግጥ።"

እህት ያለችኝ አንድ ናት።

ታኅሣሥ 6

ካሜራው እንከን አይወጣለትም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ኃላፊው ፎቶውን እያየ፣ "ስፋቱ ስንት ይሆናል?" አለኝ። ስንጥቁ ጥርት ብሎ ወጥቷል። የፀጉር ያህል ይሁን የጣት ያህል ግን አይታወቅም። አጠገቡ እጅ የለማ። "አላውቅም" አልኩት። የግድግዳው ውስጥ ባዶ ይሁን ደህና፣ በመዶሻ ካልተመታ አይታወቅም። ካሜራ ግድግዳ አያንኳኳም። "እስቲ መላ እንፈልግለታለን" አለ፤ ጭንቅላቱን እያከከ።

መዶሻው መኪናው ወንበር ሥር ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። እህቴ ስልኬን አታነሳም።

ታኅሣሥ 14

ሲሎው እንደገና። ብቻዬን። ነፋሱ ያው። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አንስቼ ከምሳ በፊት ጨረስኩ። ድሮ ቀኑን ሙሉ ይፈጅብን ነበር። ከላይ የሚጮህብኝ የለም። ዳቦዬን ብቻዬን በላሁ።

ከዚያ ካሜራውን ወደ ሰፈር አዞርኩት። ምን ልሁን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ሰማያዊው በር ከዚህ በባዶ ዓይን ነጥብ ነው፤ በትልቁ ዙም ግን መጣ። ግቢው ውስጥ መሰላል ቆሟል። የጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ጥግ ተነስቷል። አማቼ መሰላሉ መሀል ላይ ነው። አይወጣም። አይወርድም። ለሥራው ሲል አፍኖት የኖረው ሁሉ አሁን ወጣ መሰለኝ።

እህቴ ከታች መሰላሉን ይዛለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ አይሰማኝም። ቶሎ በል እያለችው ይሆናል።  ከዚያ ቀና ብላ ብዙ አየችው። ዙሙን እስከ ጥግ ሳብኩት። ያው እጅ። መሰላሉን ሙጥኝ ብሎ፣ ጥፍሮቹ ነጥተው። እህቴ ከኋላው ወጣች፣ እጇን እጁ ላይ አደረገች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። አወረደችው። መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሸፈነ።

እሷ ቆማ ወደ ሲሎው አየች። ወደ እኔ። ካሜራውን ዝቅ አደረግኩ፣ ከዚያ ርቀት የምታየኝ ይመስል። ፎቶ አላነሳሁም።

ሲመሽ ስልኬ ጠራ። እህቴ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከክረምት።"

"ታውቅ ነበር?"

"ኅዳር ላይ ነው ያወቅኩት።"

"እና ደጄን አትርገጥ ስልህ ዝም አልከኝ?"

"በሞቴ አለኛ፣ እቴቴ።"

 ከኋላዋ ልጆቹ ይንጫጫሉ።

"እኔ እኮ እጄን አወዛውዝለት ነበር" አለች። "እሱም ያወዛውዝልኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ፍርሃት... አንድ እጁን ለቆ።"

 ዘጋችው።

ግን ደወለች።