መሪ ጨብጦ ዕረፍት ላይ ስለነበረው ልጄ

ለተከበሩ ሚስተር ጁሊያን ሄስልዊን
የኦልደርሚር እርሻ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኖርፎክ

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ በአካባቢያችን ጋዜጣ ሲወጣ እርስዎን፣ ባለቤትዎን፣ ፈረሶችዎንና ባለፈው እሑድ በድንጋጤ የበረሩትን ዳክዬዎችዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪና እያስቆምኩ ልጆች የማሻግረው ሞሪን ቱፕሊን ነኝ፤ የእርሻዎ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው፣ ቢያንስ እስከ ፊታችን ዓርብ ድረስ የሆነው፣ የጋቪን እናት። ዓርብ ዕለት ልጄን ከሥራ ለማሰናበት ስብሰባ መጥራትዎን ስለሰማሁ፣ ከዚያ በፊት ጥቂት ምስጋናዎቼን በአደባባይ ላቀርብልዎ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ለሠራተኛ ዕረፍት ስለሚሰጡበት መንገድ አመሰግናለሁ። ጋቪን ስኳር የሚወጣበትን ሥር ከእርሻዎ ወደ ፋብሪካ ሲያመላልስ ይውልና፣ ሾፌር በቀን የሚነዳውን ሰዓት የሚወስነው ሕግ በቃህ ሲለው ወደ ግቢዎ ይመለሳል። እርስዎ ግን በዚያው መኪና ከሩቁ ማሳ የቀረውን ሥር እንዲያጓጉዝ ያዙታል። "ጌታዬ፣ ሰዓቴ እኮ ሞልቷል" ቢልዎ፣ "አይዞህ ጋቪን፣ ይሄ የግል መሬት ነው፤ የመንገድ ሕግ ከበሩ ውጭ ቀርቷል። አልጋዋን ተጫናትና ንዳ!" አሉት። ለማያውቁ አንባቢዎች፣ አልጋዋ ማለት የሾፌሩን ሰዓት በሚመዘግበው መሣሪያ ላይ ያለች፣ አልጋ የተሣለባት፣ ሾፌሩ ዕረፍት ላይ ነው የምትል ምልክት ናት። ልጄ እንግዲህ ያን የሚያህል መኪና እየነዳ፣ እንደ መሣሪያው ከሆነ ጋደም ብሎ ነበር። ሕፃን ሳለ እሱን ለማስተኛት ስንት መከራ ያየሁ ሴት፣ ነገሩ በአንድ ጣት የሚያልቅ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ያኔውኑ እርስዎን በፈለግሁ።

ደግሞም በከፊል ልክ ነዎት፤ ሐቁን መካድ አልወድም። ጠያይቄ እንደተረዳሁት፣ በግል መሬት ላይ የተነዳው ከመንዳት ሰዓት ላይቆጠር ይችላል። ነገር ግን ሥራ ነው፣ ዕረፍት አይደለም፤ ለዚህም ከአልጋዋ አጠገብ መዶሻ የተሣለባት ሌላ ምልክት አለች። ዓይንዎ መዶሻዋን ዘሎ አልጋዋ ላይ መውደቁን የመነጽር ጉዳይ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ዱባው እሑድ አመሰግናለሁ። በበርዎ ላይ "ሁላችሁም ኑ" የሚል ጨርቅ ሰቅለው፣ አይስክሬም ሻጭ አቁመው፣ የአካባቢውን ቤተሰብ ሁሉ ዱባ እንዲለቅም ጋብዘው ሲያበቁ፣ በዚያው በግቢዎ መንገድ ላይ ልጄ አልጋዋን ተጭኖ ጭነቱን እንዲያመላልስ አደረጉ። ሕዝብ ተጋብዞ በሚመላለስበት መንገድ ላይ፣ አጥሩ የማንም ይሁን፣ የመንገድ ሕግም አብሮ ይገባል፤ ሌላ የጥሪ ካርድ አያስፈልገውም። ጋቪን መሪው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው፤ መኪናው ቀስ ብሎ ከመንገዱ ወጣና ከነጭነቱ የዳክዬዎቹ ኩሬ ውስጥ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ከኩሬው ማዶ ግን እኔ በየጠዋቱ እጃቸውን ይዤ የማሻግራቸው ልጆች ዱባ እየመረጡ ነበር። እዚህ ላይ መቀለድ አቅቶኛል፣ ይቅርታዎን።

ሦስተኛው አጭር ነው። በስንብት ማስጠንቀቂያው ላይ ልጄን የከሰሱት የመንገድ ሕግን በመጣስ፣ በግዴለሽነት በማሽከርከር ነው። ሕጉ ከበሩ ውጭ ቀርቷል ብለውት አልነበር? ታዲያ ማን ከፈተለት? ጋቪን ሲደክመው እንደ ባዳ ደጅ የቆመ ሕግ፣ እርስዎ ሲናደዱ ጊዜ እንደ ቤተ ዘመድ ዘው ብሎ ገባ።

ልጄ እንቅልፍ እንደጣለው አልካደም፤ ጥፋቱን በራሱ አፍ ተናግሯል። እርስዎም ዓርብ ዕለት "አልጋዋን ያስጫንኩት እኔ ነኝ" ብለው በስብሰባው ፊት ቢናገሩ፣ እሱ ሥራውን ይዞ ይቀራል፣ ልጆቻችን ከደከመ ሾፌር መኪና ይተርፋሉ፣ እኔም ብዕሬን አስቀምጣለሁ።

የመሬትዎን ስፋት፣ የበርዎን ከፍታና ከሁሉም በላይ የሕግ ዕውቀትዎን ልክ በሩቅ ሆና የምታደንቅ፣

ትሑት ጎረቤትዎ
ሞሪን ቱፕሊን

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት በመንገድዎ ላይ ከበሩ እስከ ሥሩ ክምር ድረስ የተደረደሩትን የጭነት መኪኖች አይተው ግራ እንዳይጋቡ፤ የጋቪን የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ፋብሪካው ሥሩን እየጠበቀ ቢሆንም፣ እነሱ እርስዎ እንዳዘዙት ሁሉም አልጋዋን ተጭነዋል፤ ልዩነቱ ሞተራቸውን አጥፍተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ የእውነት መተኛታቸው ነው። መሬቱ የግል ስለሆነ ተነሡ የሚላቸው የመንገድ ሕግ የለም። የሚነሡት ጋቪን ወደ ሥራው ተመልሶ እሱ ራሱ ሲቀሰቅሳቸው ብቻ እንደሆነ ንገሪልን ብለውኛል።