ሰው የሌለበት መንገድ

የካቲት 3፣ ጠ. 1 ሰዓት
ዛሬም ውሃ የለም። ውሃ ሻጩ ባለአህያ በበሩ አልፎ በዐረብኛው «ሞያ ማፊ» ብሎኝ ሄደ። ውሃ ከሌለ ፎቶ ማጠብ የለም። ደብተሬ፣ ሥራ ያለህ አንተ ብቻ ነህ።

ካሜራውን ከአቧራ እያጸዳሁ የሐጂ ዑመርን ሎሪ እጠብቃለሁ። ሐጂ የዚሁ የሱዳኑ ገዳሪፍ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። አያቱ በግመል ሙጫ የነገዱበትን የጥንቱን የገላባት መንገድ ፎቶ አንሺልኝ ብሎኛል፤ ለሳሎኑ። ያረጀ እንዲመስል ቡኒ ሆኖ ይታተም። መኪና እንዳይታይ። ሰውም እንዳይታይ! በዚህ በረሃብ ዘመን፣ ሕዝበ አዳም በሚጎርፍበት መንገድ ላይ። ኧረ ወዲያ!

ማታ
ጉድ ነው፣ ተገኘ። ከዶካ አለፍ ብሎ አንድ ጎባጣ ግራር አለ። ከመተማ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ጥላ ሥር ያርፋል። ያረፉት ተነሥተው ሄደዋል፣ የሚከተሉት ገና አልደረሱም። ቶሎ ብዬ አንድ አነሣሁ። ባዶ መንገድ፣ ግራር፣ ሰማይ።

ወዲያው አንድ ጎልማሳ ብቅ አለ፤ ሰው ሁሉ ወደዚህ ሲመጣ እሱ ወደዚያ። ፈንታሁን ይባላል፣ የጭልጋ ሰው። እናቱን ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ አስገብቷል። አሁን ደግሞ አሟት መተማ የቀረችውን ሚስቱን ዘነቡን ሊያመጣ ነው። ጾሙ ሳይገባ እመለሳለሁ አለ። በካሜራው ፊት እንዲያልፍልኝ ለመንኩት። ሳቀብኝ፤ የእኔን አቧራ ማን ሊያየው ነው እትዬ፣ አለ። ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። አነሣሁት። ለሐጂ ሳይሆን ለራሴ፤ ደስ ስላለኝ።

የካቲት 6፣ ከሰ. 9
ውሃ መጣ! ሁለቱንም አተምኩ፣ ቡኒ የሚያደርገውን መድኃኒት አጠጣኋቸው። ሽታው የገማ እንቁላል ነው፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ዛሬም ተሳደበ። ልማዱ ነው።

ፈንታሁን አምሮበታል። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ መንገደኛ መሰለ። እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ ካለው ገመድ ሰቀልኩት፣ ከባለቤቴ ፎቶ ጎን።

የካቲት 9
ምን ዓይነት ደደብ ነኝ!

በእኛ ፎቶ ቤት ቡኒ የሙት ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ያመጣው ደንብ ነው፤ ለተዝካር የሚታተም ቡኒ፣ የሕያው ጥቁርና ነጭ። የእሱንም ቡኒ አድርጌ የሰቀልኩት እኔው ነኝ። አገሩ ሁሉ ያውቃል። የረሳሁት እኔ ብቻ።

ትርንጎ የምትባል የካምፕ ሴት ለገበያ መጥታ ፈንታሁንን በመስኮቱ አየችው። አልጠየቀችኝም። ቀጥታ ኡም ራኩባ ገብታ ለሽማግሌዎቹ ነገረች። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ለእናቱ ለእማማ የሺ መርዶ ተነገረ። ቄሱም ፍትሐት አደረሱ። እኔ የሰማሁት ዛሬ፣ ከሐጂ ሹፌር አፍ።

ሄድኩ። እማማ የሺ ራሷን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ልጅሽ ደኅና ነው፣ በእግሩ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ አልኳት። ማልኩ። እጄን ያዘችና አጽናናችኝ፤ እኔን! ባሏ ሲሞትም ወር ሙሉ ደኅና ነው ሲሏት ነበር። ሐዘን የሚደብቅ ሰው ሁሉ የሚለውን ነው ያልኩት። እንዲያውም በማልኩ ቁጥር ሴቶቹ ባሰባቸው። አንዷ ጎሸም አድርጋ ዝም በይ አለችኝ።

እማማ የሺ እህል አልቀምስ ብላለች።

የካቲት 11
ጾም ገባ። ፈንታሁን የለም።

ያንኑ ፎቶ ጥቁርና ነጭ አትሜ በሹፌሩ ለእማማ የሺ ላክሁ። ይኸው ሕያው ነው ለማለት። መለሰችው። ይኼ ድሮ በደኅናው ጊዜ የተነሣው ነው አለች አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እሷ ሞኝ አይደለችም፤ የእኔ ወረቀት ነው አልለቅ ያላት። ውሃ እንኳ በግድ ነው የሚያስጎነጯት።

አሁን ደግሞ እኔም ፈራሁ። ከጾሙ በፊት ብሎኝ አልነበር? መስኮቱን ባዶ አደረግሁት። ባዶነቱም አስፈራኝ። ሐጂ ፎቶዬስ ብሎ ላከብኝ። መዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ውሃ የለም አልኩ። ዋሸሁ።

የካቲት 15፣ ከሰ. 10
መጣ! ደብተሬ፣ በሁለት እግሩ መጣ!

ከነአቧራው በሬ ላይ ቆመ። እልል ብዬ ዘልዬ አቀፍኩት፣ ልብስ ሰፊው እስኪወጣ ድረስ። እሱ ግን ጣሳ ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ቁጭ አለ።

ትናንት ካምፕ ሲገባ ሰው አማትቦ ሸሸው። እናቱ ፊቱን ዳበሰችው፣ ዳበሰችውና በጥፊ አጮለችው። ከዚያ አልቅሳ አጥሚት ጠጣች። ስንት ቀኗ! ከዚያ ነው ዘነቡስ ብላ የጠየቀችው።

ዘነቡ ግራሩ ድረስ መጥታ ነበር። እረፍት ላድርግ ብላ ጥላው ሥር ተጋደመች። አልተነሣችም። አብረውት የነበሩት መንገደኞች በዱላና በእጃቸው ቆፈሩለት። ለእሱ ሐዘን የተቀመጡት ሴቶች ከመሬቱ ሳይነሡ ለእሷ አለቀሱ።

ቡኒውን ፎቶ አውጥቼ ይቅር በለኝ አልኩት። አየው። ቅር አላለውም። እኔ አልሞትኩም፣ እኔን ከዚህ አውጪኝና ቦታውን ተይልኝ፣ የተቀበረችበት እሱ ነው አለ። ዘነቡ በሕይወቷ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ለተዝካሯ የሚቀመጥ ፎቶ የለም። ባዶውን መንገድ አሳየሁት። ከግንዱ በስተቀኝ ጣቱን አኖረ፤ ድንጋይ ከምረንበታል፣ እዚህ ጋ፣ አለ።

የካቲት 16፣ ጠ. 12
ሳልተኛ ነጋ። ባዶውን መንገድ እንደገና አተምኩ፣ በትልቁ ወረቀት። ቡኒው ጥሩ ወጣ። ፈንታሁን በነጠላው ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ይዞት ወደ ኡም ራኩባ ሄደ።

ሐጂ ዛሬ ረፋድ ላይ ይመጣል። ፈንታሁን የሚያልፍበትን፣ ጥቁርና ነጩን እሰጠዋለሁ። ይቆጣል፤ ይቆጣ። ባዶውን ነው ያዘዝኩሽ ቢለኝ መልሴን አዘጋጅቻለሁ፦ ሰው የሌለበት መንገድ የለኝም።