አጎታችን የመረጠው ማይክሮስኮፕ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን

ውድ እትዬ፣

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም እንጂ፣ ሰሞኑን ሰው መናቅ ጀምሬአለሁ። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ቤት ሙሉ ሰው ነው የናቅሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺም ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ።

ሰላምታዬን ሳላደርስ ወደ ነገሬ ገባሁ፣ ይቅር በይኝ። እንዴት ነሽ? በጣም እንዴት ነሽ? ልብስ ስትተኩሺ እንፋሎቱ ያቃጠለው ክንድሽ ዳነ? ያቺ አብራሽ የምትተኛው ሴትዮ ማንኮራፋቷን ተወች? እንቅልፍ ታገኛለሽ? እኛ ደህና ነን። እማዬን ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ደህና ናት። ናፍቆትሽ ግን መቀመጫ አሳጥቶናል።

«ለምን?» ማለት ለማይሰለቻት ለትንሿ እህታችን፣ ለለምኒት፣ ማይክሮስኮፕ እንዲገዛላት የላክሽው ገንዘብ ደርሶናል። ርካሽ ሆኖ ደህናውን እኔ እንድመርጥ ጽፈሽ ነበር። አጎታችን ግን «ይህቺ ልጅ ሻጭ ፊት አፏ ይተሳሰራል፤ ለእኔ ተዉት» ብሎ ቀደመኝ። ዕድሜውን መኪና ሲያሻሽጥ የኖረ ሰው አይደል? ሱቅ እንደገባን ማይክሮስኮፑን እንደ ጎማ በጣቱ ቆረቆረና «ጉልበቱ ስንት ነው?» አለ።

ሻጩም ምን ዓይነት ሰው እንደመጣለት ወዲያው ገባው። «ጌታዬ፣ ይሄ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጊዜ ያጎላል። ያኛው አርባ ብቻ ነው» አለው። አጎታችን አርባ ሲባል የቆመ መኪና ያሳዩት ይመስል ከንፈሩን ጣለ። ባለ ሺው ቦርሳ አለው፣ መቆንጠጫ አለው፣ በሁለት መስታወት መካከል የተጣበቀ የደረቀ ዝንብ አለው። ሳጥኑ ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ ልጅ ይስቃል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል!

ሁለቱ ዋጋ ሲከራከሩ እኔ እንዳልታይ ወደ መደርደሪያው ጥግ ሄድኩና የእጅጌዬን ጫፍ ከባለ አርባው ሥር አድርጌ አየሁ። እትዬ፣ ክሩ ገመድ ሆኖ ታየኝ! ተገምዷል፣ ፀጉር ፀጉር አውጥቷል፣ መሀሉ ላይ የሳሙና ቅንጣት ተቀርቅሮበታል። ዕቃው ብረት ስለሆነ አይነቃነቅም፤ ከላይ የሚያበራ መብራትም አለው። ባለ ሺውን ስሞክረው ግን ፕላስቲክ ነው፤ ሲነኩት ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ይወዛወዛል፤ ውስጡም ጨለማ ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አጎታችን «ምን ፈለግሽ?» ሲለኝ «ምንም» አልኩ። ይህች «ምንም» ምላሴ ላይ ቤት ሠርታለች። እሱ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኑን ሳያስጠጋ ገዛው። ሻጩ «ካልተሰበረ ይመለሳል» ብሎ ሸኘን።

ቤት እንደገባን አጎታችን ከበርሜሉ የውሃ ጠብታ አንስቶ መስታወቱ ላይ አደረገና አጎነበሰ። «አቤት! ይርመሰመሳል!» አለ። ሚስቱ ተከተለችው፤ «አንዱ ዞሮ አየኝ» ብላ ወደ ኋላ ተፈናጠረች። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ጩኸቱን ሰምቶ ገባና «እኔ ሦስት አይቻለሁ፤ ያ መሀለኛው ጢም አለው» አለ። እማዬማ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፍና ነው «ጉድ ነው!» ያለችው። ቆሜ አይቻታለሁ።

ለምኒት ከሁሉም በላይ ቆይታ አየች። ከዚያ «ጥቁር ነው። ዳር ዳሩ ላይ ፀጉር አለ። ለምን?» አለች። አጎታችን ሳቀባት፤ «ቤት ሙሉ ሰው አይቶ አንቺ ብቻ ካላየሽ ዓይንሽ ነዋ የኔ ልጅ! መነጽር ያስፈልግሻል» አላት። ከእሷ በኋላ እኔ አየሁ። ጨለማና የራሴ ሽፋሽፍት ነበር። ሁሉም ሽፋሽፍቱን ነው ያየው፤ ያ ጢም አለው የተባለውም ጭምር!

ይህ ሁሉ ያስቀኝ ነበር፣ ለምኒት ባታምናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ «ለምን» አትልም። አንድ ዓይኗን በእጇ ትሸፍንና ግድግዳ ግድግዳ ታያለች። መምህሯን «ዓይኔ ስለደከመ ፊት ልቀመጥ» ብላለች። ትናንት የእማዬ መርፌ ውስጥ በአንድ ሙከራ ክር ያስገባች ልጅ! አጎታችን ደግሞ ቅዳሜ ወደሚያውቀው መነጽር ሻጭ ሊወስዳት ነው፤ ዋጋ ማስቀነስ ጀምሯል።

ዛሬ ያየችውን እንድትስልልኝ ለመንኳት። እንደ አጥር የተደረደሩ የጎበጡ መስመሮች ሣለች። መስታወት አምጥቼ ሽፋሽፍቷን አሳየኋት። ዓይኗን ከፈት ዘጋ አደረገችና «ታዲያ እነሱ ምን አዩ?» አለችኝ። «ሻጩ የነገራቸውን ቁጥር ነው ያዩት» አልኳት። አልሳቀችም። «አንቺ ስለምትወጂኝ ነው እንዲህ የምትይው» ብላ ፊቷን አዞረች።

የሽፋሽፍቱን ነገር ለእማዬ ብነግራት «ተይ፣ አጎትሽ ሆድ ይብሰዋል» አለችኝ። የእሱ ሆድ እንዳይብስ ልጅቷ ዓይኔ ጠፋ ብላ ትደግ?

እማዬ ጉንጮችሽን ትስማለች፤ ብርድ እንዳይመታሽ ትላለች። አጎታችን «ዋጋውን እንዴት እንዳስወረድኩ ጻፊላት» ብሎሻል፤ ይኸው ጻፍኩ። ሚስቱ ሰላም ትልሻለች። ፀጉር አስተካካዩም ሰላም ብሎሻል፤ አሁን ፊቱን የሚታጠበው በፈላ ውሃ ነው። የለምኒት ሰላምታ ድሮ ሙሉው ጥያቄ ነበር፤ ዛሬ ግን «ደህና ሁኚ በያት» ብቻ ነው ያለችኝ።

ነገ ሱቁ ሳይከፈት ከለምኒት ጋር በሩ ላይ እቆማለሁ። ሻጩን «ይህን ውሰድና ያንን ስጠን» እለዋለሁ፤ ድምፄ ቢንቀጠቀጥም ይንቀጠቀጥ። ከዚያ በፊት ግን ባለ አርባውን ከመደርደሪያው አስወርድላታለሁ፤ ራሷ ከመንገድ መርጣ ያነሳችውን ነገር ከሥሩ አስቀምጣ ታያለች። ምን እንደሚታይ አልነግራትም፤ ሻጩም አፉን እንዲከፍት አልፈቅድለትም። እሷ እስክትናገር ሁላችንም ዝም እንላለን።

እህትሽ